በሥዕሉ ላይ ያለው እጅ

ብሪያንዳ ያንን ደብዳቤ የጻፈችው በገዛ እጇ ነው። ቃሉ ግን የአባቷ ነበር።

አባቷ መምህር ቶሪቢዮ ከኋላዋ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንድ በአንድ አስጻፏት።

“‘ሥዕሉ ስላለቀ ከእንግዲህ ወደ ቤታችን አትምጣ’ በይ። ጻፍሽ? ቀጥዪ። ‘እኔም ብሆን ከአናጢ ጋር የምነጋገረው ጉዳይ የለኝም።’”

የብሪያንዳ ብዕር ቆመ።

“አባባ፣ ሜልቾር አናጢ አይደለም። ጊታር ሠሪ ነው።”

“እንጨት ይልጋል?”

“ይልጋል።”

“ሙጫ ያፈላል?”

“ያፈላል።”

“ታዲያ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? ጻፊ።”

ጻፈች። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ አባቷን እምቢ ብላ አታውቅም። ቀለሙ እንዲደርቅ አሸዋ ስትነሰንስበት እጇ አልተንቀጠቀጠም። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው የእሷን ሥራ ሊሠራ አይችልም።

ሥራዋ ምን እንደሆነ በሴቪያ ከተማ የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ወረርሽኙ ሲገባ እናቷንና የአባቷን ሁለት ረዳቶች በአንድ ወር ወሰዳቸው። ስድስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ የመምህር ቶሪቢዮ ዓይን ከቅርብ ያለውን ነገር እምቢ አለ። ፊት፣ ቀሚስና ሰማይ ሲሆን ራቅ ብለው በረጅም ብሩሽ ይሥሉታል፤ በዚህ ማንም አይደርስባቸውም። ጣት፣ ዳንቴል፣ የጊታር አውታር ሲሆን ግን ሁሉም ይደበዝዝባቸዋል። መነጽሩም አልረዳቸው። ስለዚህ በመምህር ቶሪቢዮ ስም ከቤት የሚወጣው ሥዕል ሁሉ ፊቱ የእሳቸው፣ እጁ የብሪያንዳ ነበር። ይህን የሚያውቁት አባትና ልጅ፣ እንዲሁም አብራቸው የምትኖረው አክስቷ ሩፊና ነበሩ። በኋላ ግን አራተኛ ሰው ተጨመረ።

ነገሩ የጀመረው በባላባቷ በዶኛ ሜንሲያ ትእዛዝ ነው። ጊታር የምትደረድር እመቤት እንድትሣልላቸው ጠየቁ። ብሪያንዳ በዕድሜዋ ጊታር ነክታ ስለማታውቅ፣ አባቷ ከአሮጌ መጽሐፍ ላይ አንድ የታተመ ሥዕል አውጥተው “ይህን ቅጂ” አሏት። ቀዳች። ዶኛ ሜንሲያ ራሳቸው ጊታር ተጫዋች ናቸውና አንዴ አይተው ከት ብለው ሳቁ።

“መቃኛውን ቆጠርኩት፣ አሥር ነው። አውታሩ ስድስት ነው። አራቱን ድመት በላቻቸው? እጇም ቢሆን ዝንብ የምታባርር እንጂ የምትደረድር አትመስልም። መምህር፣ ጊታር የሚያውቅ ሰው ጥራና አስተካክለው።”

እንዲህ ሆኖ ነው ሜልቾር የመጣው። በጊታር ሠሪዎች ሰፈር በመበለቷ በግሬጎሪያ ሱቅ የሚሠራ፣ የሠላሳ ዓመት፣ ዝምተኛ የሚመስል ሰው ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ጊታሩን አቅፎ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። መምህር ቶሪቢዮ ብሩሽ ይዘው ይቆማሉ። ብሪያንዳ ጥግ ላይ ቀለም የምትፈጭ መስላ ትቀመጣለች፤ አባቷ ወጣ ሲሉ ትነሣና እጁን ወረቀት ላይ ትሥላለች።

በሦስተኛው ቀን ሜልቾር ራሱን ሳያዞር፣ “የሚሥሉት እሳቸው ከሆኑ፣ አንቺ እጄን ትክ ብለሽ የምታዪው ለምንድን ነው?” አላት።

“ቀለሙን ለማስተካከል ነው።”

“እጄ ቡናማ ነው። አንዴ ማየት ይበቃል።”

ሳቋን መያዝ አቃታት። ከዚያ በኋላ መደበቁም ቀረ።

ጊታር በሥዕል ላይ እንዴት እንደሚዋሽ ያስተማራት እሱ ነው። ሜልቾር አንድ ልማድ ነበረው፤ ቤተ ክርስቲያንም ይግባ የሀብታም ቤት፣ ግድግዳ ላይ ሙዚቃ የሚጫወት ሰው ከተሣለ ቆሞ እጁን ይመረምራል። “በትልቁ ቤተ ክርስቲያን በግራ በኩል ያለውን መልአክ አይተሽዋል? ግራ እጁ አንድም አውታር አልጫነም። ምስኪን፣ ለዘላለም አንድ ዓይነት ድምፅ ሲመታ ይኖራል።” ሌላ ቀን ደግሞ፣ “ዛሬ አንድ ንጉሥ ዳዊት አየሁ፣ መቃኛው በጆሮው ገብቷል” ይላል። የሚያምሩ ሥዕሎች ናቸው፣ ግን ግማሾቹ ጊታሮች አይጮሁም።

“እዚህ፣ አንገቱ ሥር ሲሆን መግረፍ ነው” አላት አንድ ጠዋት፣ ጣቶቹን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ። “ለጭፈራ ነው። ሠዓሊ ሁሉ ይህን ይወደዋል፣ ስለሚያምር። መደርደር ሲሆን ግን እጅ ወደ ታች ይወርዳል። ትንሿ ጣት ገጹ ላይ ታርፋለች፤ ሌሎቹ እሷን ተመርኩዘው ይሠራሉ።”

“ትንሿ ጣት ራሷ ምንም አትሠራም?”

“ትይዛለች። መያዝም ሥራ ነው።”

በሰባተኛው ሳምንት ብሪያንዳ ትንሿ ጣት የት እንደምታርፍ አልገባኝም አለች። ገብቷት ነበር። ሜልቾር ጊታሩን ጭኗ ላይ አስቀመጠና ትንሿን ጣቷን በሁለት ጣቱ አንሥቶ እንጨቱ ላይ አኖራት። ጣቷን ቶሎ አልለቀቀም። እሷም አልሳበችም። መምህር ቶሪቢዮ ከውጭ የገቡት ያኔ ነው።

አልጮኹም። ሜልቾርን አመስግነው ሸኙት፤ በማግሥቱ ብዕርና ወረቀት አቀረቡላት።

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። የሴቪያ ሠዓሊዎች በዚያ ዓመት ለንጉሡ ፍርድ ቤት አቤት ብለው ነበር። ሥዕል የአእምሮ ሥራ ነው፣ ከጫማ ሰፊና ከአናጢ ጋር በአንድ መዝገብ አንጻፍ ይላል አቤቱታው። መሪው መምህር ቶሪቢዮ ነበሩ። ዶኛ ሜንሲያም ሥዕሉን በተረከቡ ቀን፣ “ይህ ሰው የእጅ ባለሙያ ሳይሆን ሊቅ ነው” ብለው ሊፈርሙላቸው ቃል ገብተዋል። ልጃቸው እንጨት ለሚልግ ሰው ከተዳረች ግን ዳኞቹ ፊት የሚቆሙበት አፍ አይኖራቸውም።

“አንድ ልጅ ነው ያለችኝ” አሉ ደብዳቤውን እያሸጉ። “እንድትወጪ እንጂ እንድትወርጂ አላሳደግኩሽም።”

ብሪያንዳ ብዕሩን ጠርጋ አስቀመጠች። አባቷን መውደዷ በዚያች ሰዓት እንደ ድንጋይ ከበዳት።

*

ሦስት ሳምንት አለፈ። መልስ አልመጣም። ጥርጣሬና ተስፋ እየተፈራረቁባት ቆዩ፤ የሆነ ቃል፣ ቢያንስ የቁጣ ቃል፣ ይልካል ብላ ነበር።

እሁድ ጠዋት አክስቷ ሩፊና ከጸሎት ስትመለስ ገና ሻሿን ሳታወልቅ፣ “ቁጭ በይ” አለቻት።

“ቆሜ እሰማለሁ።”

“ያ ልጅ ሊያገባ ነው።”

“የትኛው ልጅ?”

“አንቺ ልጅ፣ በእኔ ላይ አትቀልጂ። ሜልቾር ነዋ! አሠሪውን፣ ግሬጎሪያን። ዛሬ ቄሱ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበቡት።”

በሰፈሩ ሥርዓት የሚጋቡ ሰዎች ስም ሦስት እሁድ በቤተ ክርስቲያን ይነበባል፤ እንቅፋት የሚያውቅ ይናገር ይባላል፤ ዝም ከተባለ የሠርጉ ቀን ይቆረጣል። መበለት ደግሞ የሟች ባሏን ሱቅ ይዛ ለመቆየት የሙያው ሰው ማግባቷ የተለመደ ነው።

“አርባ ሦስት ዓመቷ ነው” አለች ሩፊና። “ግን ጥርሷ ሁሉ አለ። አየሁት፣ ስትስቅ።”

“ደስ ብሏት ነበር?”

“እኔ እንጃ። እሷ ቀብር ላይም ትስቃለች።”

ብሪያንዳ ወደ ሥዕሉ ተመለሰች። አባቷ በደብዳቤው “አለቀ” ያሉት ሥዕል አላለቀም ነበር፤ የእመቤቷ ቀኝ እጅ ቀርቷል። ብሩሽ አነሣች፣ አስቀመጠች። ሠላሳ ወረቀት ላይ የሣለችው እጅ ነበር፣ አሁን ግን አንዱም አልታይ አላት። በደንብ የምታውቀው ሰው በአንድ ጊዜ የማታውቀው ሆነባት። ሁለተኛው እሁድም አለፈ። ሥዕሉ ለዶኛ ሜንሲያ የሚቀርብበት ቀጠሮ ቅዳሜ ነው።

ሐሙስ ዕለት፣ “አክስቴ፣ ሰፈራቸው ውሰጂኝ” አለች።

“አብደሻል?”

“ለሥዕሉ ነው። ትንሿ ጣት የት እንደምታርፍ ረሳሁት።”

ሩፊና ረጅም ጊዜ አየቻት። “እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ረስቼ ነበር” አለችና አንድ ዓይን ብቻ የሚያሳየውን ጥቁር መሸፈኛ አወጣችላት።

የግሬጎሪያ ሱቅ በሩ ወደ መንገድ ወለል ብሎ የተከፈተ ነው። ሜልቾር መሥሪያው ላይ ጎንበስ ብሏል። መበለቷ፣ እጅጌዋን እስከ ክንዷ የሰበሰበች ግዙፍ ሴት፣ አጠገቡ ቆማ ቁጣዋን ታወርድበታለች።

“ይኸ አንገት ነው ወይስ የአህያ እግር? ሰው አንገት እየሠራ ልቡ የት ነው ያለው? ማክሰኞ ጥፍርህን በመዶሻ ፈለጥክ፣ ዛሬ ደግሞ እንጨቴን!”

ሜልቾር እንጨቱን አስቀመጠ። አንድ ያለቀ ጊታር ከግድግዳው አውርዶ፣ አውራ ጣቱ ላይ የተጠመጠመውን ጨርቅ ፈታ። ጥፍሩ ከመሃሉ ተሰንጥቆ ጠቁሯል። ጊታሩን መሞከር ስላለበት እያመመውም ቢሆን ደረደረው። ትንሿ ጣት ገጹ ላይ አረፈች። የታመመውን አውራ ጣት ለማዳን እጁን ከወትሮው በጥቂት አዘንብሎት ነበር፤ ብሪያንዳ ያንን ማዘንበል እንደ ተጠማ ሰው ጠጣችው።

“እመቤት!” አለች ግሬጎሪያ ወደ በሩ ዞራ። “የሚፈልጉት ጊታር ነው ወይስ ጊታር ሠሪ?”

ሩፊና የብሪያንዳን ክንድ ጨመደደች። ሜልቾር ቀና አለ። ዓይኑ ጥቁሩን መሸፈኛና በመሃሉ ያለችውን አንድ ዓይን አየ፤ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ወደ ጊታሩ ተመለሰ።

ብሪያንዳ ቤት እንደ ደረሰች ብሩሽ አነሣች። ያንኑ ቀንና ዓርብ ሙሉ ሣለች። እጁ በአንድ ጊዜ መጣላት። እያየኝ አላወቀኝም፤ የምታስበው ይህንኑ ብቻ ነበር።

*

ቅዳሜ ዶኛ ሜንሲያ ሥዕሉን አዳራሹ ውስጥ በመስኮቱ ፊት ለፊት አስቆሙት። ቀለሙ ገና የተልባ ዘይት ይሸታል። መምህር ቶሪቢዮ ጥቁሩን የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። ምስክርነቱ የተጻፈበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ፊርማ ብቻ ይጠብቃል። ብሪያንዳና ሩፊና ኋላ ቆመዋል።

“አንድ ሰው ጠርቻለሁ” አሉ ዶኛ ሜንሲያ። “ዓይኔን አምናለሁ፣ ግን ጆሮዬን የበለጠ አምናለሁ። ግባ!”

ሜልቾር ጊታር ይዞ ገባ። ለዶኛ ሜንሲያ ሰገደ፣ ለመምህር ቶሪቢዮ ሰገደ። ብሪያንዳን ሲያይ ግን ሰላምታው አንገቱ ላይ ቀረ።

“ሥዕሉ አጠገብ ቁምና ልክ እንደ እሷ ይዘህ ደርድር። አንድ ከሆነ እሰማዋለሁ።”

ሜልቾር ወደ ሥዕሉ ዞረ። ዞሮም ቆመ። ብሪያንዳ ጀርባውን ብቻ ነው የምታየው፤ ትከሻው ቀስ ብሎ ሲወርድ ግን አየች።

“ምን ሆንክ? ስህተት አለው?”

“የለውም፣ እመቤቴ” አለ። “ምንም ስህተት የለውም።”

ዶኛ ሜንሲያ ተነሥተው ቀረቡ። ሥዕሉን አዩ፣ የእሱን እጅ አዩ፣ እንደገና ሥዕሉን አዩ።

“የእኔዋ እመቤት አውራ ጣቷ ተሰንጥቋል” አሉ ረጋ ብለው። “ያንተም ተሰንጥቋል። መቼ ነው?”

“ማክሰኞ ነው፣ እመቤቴ። በመዶሻ።”

“መምህር፣ ይህ ሰው ቤትህ መምጣት ካቆመ ስንት ጊዜ ሆነው?”

መምህር ቶሪቢዮ ከንፈራቸው ደረቀ። “አምስት... አምስት ሳምንት ይሆናል።”

“ታዲያ የማክሰኞን ጥፍር ከየት አመጣኸው?”

“ሠዓሊ... ሠዓሊ በአእምሮው ነው የሚያየው፣ እመቤቴ።”

“የተሰነጠቀ ጥፍርም?”

ብሪያንዳ አባቷን አየች። እኚያ ኩሩ ሰው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት እያዩ ነበር፤ ዓይናቸው ከቅርብ ስለማያይላቸው ፊደሉ እንደ ጭስ እንደሚታያቸው ታውቃለች። ዝም ብትል ይፈረምላቸዋል፤ ዶኛ ሜንሲያ ከመጠየቅ ያለፈ አያደርጉም። ዝም ብትል ነገ ሦስተኛው እሁድ ነው።

“እኔ ነኝ” አለች።

“ብሪያንዳ!” አሉ አባቷ።

“እኔ ነኝ የሣልኩት። እጅ ሁሉ የእኔ ነው፤ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ፊቱ የአባቴ ነው፣ በዚያ ማንም አይደርስባቸውም። እጁ ግን የእኔ ነው። ሐሙስ ዕለት ሱቁ ሄጄ አይቼ መጣሁ።”

ሜልቾር ዞረ። “ያቺ ባለ መሸፈኛ...”

“አላወቅከኝም።”

“አንቺ እንድትሆኚ ስለ ፈለግኩ ነው ያላመንኩት! በየመንገዱ የማየው መሸፈኛ ሁሉ አንቺን ይመስለኛል። ደብዳቤሽን ሃያ ጊዜ አነበብኩት፣ ብሪያንዳ። የሆነ ቦታ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ። ፊደሉ ያንቺ ነበር።”

“ፊደሉ የእኔ ነው። ቃሉ የእኔ አልነበረም።”

ሜልቾር ወደ መምህር ቶሪቢዮ ተመለከተ። እሳቸው ዓይናቸውን ሰበሩ። ነገሩ ያለ ተጨማሪ ቃል ገባው።

“አምስት ሳምንት” አለ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። “ለግሬጎሪያ ቃል ሰጥቻለሁ። አሠሪዬ የነበረው ባሏ ሲሞት ከነልብሴ ወደ ጎዳና አላወጣችኝም። ሁለት ጊዜ በሕዝብ ፊት ስሟ ከስሜ ጋር ተጠርቷል። አሁን ብተዋት የሰፈሩ መሳቂያ ትሆናለች። ይህን አድርግ ትይኛለሽ?”

ብሪያንዳ አድርግ ማለት ፈለገች።

“አልልህም” አለች።

ሜልቾር ጊታሩን ወንበሩ ላይ በጥንቃቄ አስተኝቶ፣ ሰግዶ፣ ወጣ።

ዶኛ ሜንሲያ ወረቀቱን አጣጥፈው አስቀመጡት። “ሥዕሉን አልመልስም” አሉ። “በሕይወቴ ካየኋቸው የተሣሉ ጊታሮች የሚጮኸው ይህ ብቻ ነው። ምስክርነቱን ግን አልፈርምም፣ መምህር። ባልሠራኸው እጅ በእግዚአብሔር ስም አልምልም።”

ብሪያንዳ በአንድ ቀን ሁለቱንም ሰዎቿን እንዳጣች ተሰማት። የገረማት ግን፣ የተናገረችውን መልሳ ለመዋጥ አለመመኘቷ ነው።

*

አባትና ልጅ ከጣሪያ ጣሪያ በተዘረጉ የፀሐይ መከላከያ ሸራዎች ሥር፣ አንዱ ከፊት አንዷ ከኋላ ሆነው ወደ ቤት ሄዱ። ሩፊና እራት አቀረበች፤ የነካ የለም። መምህር ቶሪቢዮ ባዶው የሥዕል ማቆሚያ ፊት ተቀመጡ።

“አዋረድሽኝ” አሉ።

“አውቃለሁ፣ አባባ።”

“የአያቴን ስም ታውቂያለሽ?”

“ነግረውኝ አያውቁም።”

“አንቶሊን። ጫማ ሰፊ ነበር፤ ከቆዳ ፋቂዎቹ ሰፈር። የቆዳው ሽታ አባቴም ላይ ነበር። እኔ ላይ እንዳይቀር ስድሳ ዓመት ሙሉ ታጠብኩ።”

ብሪያንዳ ቀረብ ብላ እጇን ዘረጋችላቸው። ጥፍሯ ሥር ቀይ አፈርና ዘይት አለ።

“እኔ ላይስ ምን ይሸታል?”

እጇን ይዘው ቆዩ። ከቅርብ ማየት ስለማይችሉ በጣታቸው ዳበሱት፤ የብሩሹ እንጨት ያጠነከረውን ቦታ አገኙት።

“የተልባ ዘይት” አሉ በመጨረሻ።

“እሱስ ያስነውራል?”

መምህር ቶሪቢዮ ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ሄዱ። ጀርባቸው ጎብጦ ስታየው ብሪያንዳ አባቷን መፍራት እንዳቆመች ገባት፤ እፎይታ ይሆናል ብላ ስትጠብቅ ኀዘን ሆነባት።

*

እሁድ ጠዋት አባቷ ቤት አልነበሩም። “ገና ሳይነጋጋ ለብሰው ወጡ” አለች ሩፊና። ብሪያንዳ የት እንደ ሄዱ አልጠየቀችም። የራሷ መንገድ ነበራት።

“እንቅፋት ልትሆኚ ነው የምትሄጂው?” አለች ሩፊና ተከትላት እየወጣች።

“አይደለም። በጆሮዬ ካልሰማሁት ዕድሜ ልኬን ስጠብቅ እኖራለሁ።”

የጊታር ሠሪዎቹ ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ናት፤ ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ቆሟል። ብሪያንዳ በምሰሶ ተጠግታ ቆመች። ዛሬ መሸፈኛ አላደረገችም። ሜልቾር ከፊት በወንዶቹ በኩል ቆሟል፣ ዞር አይልም። ግሬጎሪያ በሴቶቹ በኩል አዲስ ሻሽ አድርጋለች።

ቄሱ ስማቸውን አነበቡ። ሦስተኛና የመጨረሻ መሆኑን ተናገሩ። “እነዚህ ሁለት ሰዎች እንዳይጋቡ እንቅፋት የሚያውቅ ቢኖር አሁን ይናገር።”

ብሪያንዳ ዓይኗን ጨፈነች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትንፋሽ።

“አለ!” የሚል ድምፅ ተሰማ። አንድ ብቻ አልነበረም፤ ሁለት ድምፅ ነው፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከበሩ።

ሕዝቡ የትኛውን እንደሚያይ ግራ ገባው። ከፊት የተነሣችው ግሬጎሪያ ናት። ከበሩ ያሉት፣ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ የያዙት፣ መምህር ቶሪቢዮ ናቸው።

“ሴትዮ፣ አንቺ ሙሽራዋ ነሽ!” አሉ ቄሱ።

“አውቃለሁ፣ አባ፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ እኔን የሚሰሙኝ። ይህ ሰው ከትናንት ወዲህ ሦስት የጊታር አንገት አበላሽቶብኛል። ምን ሆንክ ስለው ምንም ይላል። ምንም ያልሆነ ሰው እንጨት ላይ አያለቅስም።” ሰዉ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። “አፍጥጬ ጠየቅኩት፣ ነገረኝ። ቃሌን አላጥፍም አለኝ ደግሞ። ጎበዝ፣ እሱ ካላጠፈው እኔ አጥፈዋለሁ። ለሱቄ ሠራተኛ ነው የምፈልገው፤ ሠራተኛነቱ ይቀጥል። የሌላ ሴት ልብ ተሸክሞ ቤቴ የሚገባ ባል ግን አልፈልግም፤ የመጀመሪያው እንዲህ ነበር፣ ይበቃኛል።”

ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። ግሬጎሪያ ሻሿን አስተካክላ ወደ በሩ ዞረች።

“አንቱስ ማን ነዎት? የእርስዎ እንቅፋት ምንድን ነው?”

መምህር ቶሪቢዮ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት መጡ። ብሪያንዳ አባቷን በሰው ፊት እንዲህ ትንሽ ሆነው አይታቸው አታውቅም፤ እንዲህ ቀጥ ብለው ቆመውም አይታቸው አታውቅም።

“ሠዓሊው ቶሪቢዮ ነኝ፤ የጫማ ሰፊው የአንቶሊን የልጅ ልጅ” አሉ። “ልጄ ለዚህ ሰው የጻፈችውን ደብዳቤ ያስጻፍኳት እኔ ነኝ። ሐሰት ነበር። ይህ ሰው ወደ ጋብቻ የሄደው በእኔ ሐሰት ተገፍቶ ነው። ይህን ለአባ ለብቻቸው ልነግር ጠዋት መጥቼ ነበር፤ ‘በሕዝብ ፊት የሆነ ነገር በሕዝብ ፊት ይነገራል’ አሉኝ።”

ቄሱ መጽሐፋቸውን ዘጉ። “ሁለት እንቅፋት” አሉ። “አንዱም ይበቃ ነበር።”

ሜልቾር ዞረ። ከፊት እስከ ምሰሶው ድረስ ያለው ሰው ሁሉ፣ የነገረው ሳይኖር፣ መንገድ ለቀቀ። ብሪያንዳ እስከዚያ አላለቀሰችም ነበር፤ አሁን ግን እንባዋ ሳታውቀው ወረደ። በሰው ሁሉ ፊት፣ እሷም አልጠረገችውም።

የሠዓሊዎቹ አቤቱታ ያለ መምህር ቶሪቢዮ ስም ተላከ፤ በሌላ ሰው መሪነት። ሁለት ጓደኞቻቸው ለረጅም ጊዜ ሰላምታ ነፈጓቸው። ዶኛ ሜንሲያ በጸደይ ሁለተኛ ሥዕል አዘዙ፤ ትእዛዙ የመጣው በብሪያንዳ ስም ነው። ሜልቾር በዚያው በጋ በሙያው መሪዎች ተፈትኖ አለፈ፣ በግሬጎሪያ ሱቅ ቀረ፣ ከብሪያንዳ ጋር ሠርጉም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ይህ ሁሉ ግን በኋላ ነው።

ያን እሁድ ከቅዳሴ ሲወጡ ብሪያንዳና ሜልቾር የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ፣ በሚያቃጥለው ፀሐይ ቆሙ። ከፊታቸው ግሬጎሪያና መምህር ቶሪቢዮ ጎን ለጎን ይወርዳሉ፤ ሥዕል ይከብዳል ወይስ ጊታር ብለው መከራከር ጀምረዋል፤ ሩፊና በመሃል ሁለቱንም ትቆጣለች።

“ምን እናድርግ አሁን?” አለ ሜልቾር።

“አላውቅም” አለች። “አንተ ታውቃለህ?”

“አላውቅም።”

ብሪያንዳ እጇን አየች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ኀዘንን ታውቀዋለች፣ እንዴት እንደሚሸከሙት ከልጅነቷ ተምራለች። ደስታ ግን እንዲህ እንደሚያስፈራ የነገራት ሰው አልነበረም።